ቢበላሽ ማን ይከፍላል?

መምህራን ቴክኖሎጂ ይፈራሉ ይባላል። መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ውስጥ የሚሠራ ሰው ይህን ነገር በዓመት ደጋግሞ ይሰማል። የሚሰማውም አብዛኛውን ጊዜ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ መድረኩ ላይ ባነር ተሰቅሎ፣ ፊት ለፊቱ የታሸገ ውኃና አንድ እስክሪብቶ ተቀምጦለት ነው። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ መጥቷል። ላፕቶፑን ከኤልሲዲው ጋር ለማገናኘት ሲታገል ቆይቶ በመጨረሻ የሆቴሉ አስተናጋጅ አገናኝቶለታል። ከዚያ የመጀመሪያውን ስላይድ ይከፍትና «የመምህራን ቴክኖሎጂን የመቀበል ዝግጁነት ዝቅተኛ መሆን» የሚለውን ርእስ ያነብልናል። እኛም ስልካችንን አውጥተን፣ ስላይዱን ፎቶ አንስተን፣ ላልመጡት ባልደረቦቻችን በቴሌግራም እንልክላቸዋለን።

የሚፈራውን መምህር እኔ ፈልጌ አጣሁት። እስቲ መምህራን ማረፊያ ክፍላችን ግቡና ተመልከቱ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው የአማርኛ መምህራችን አሜሪካ ያለ የልጅ ልጃቸውን ክርስትና በቪዲዮ ጥሪ ተከታትለዋል፤ መከታተል ብቻ አይደለም፣ ቄሱን «አባታችን፣ እባክዎ ትንሽ ወደ ግራ፤ ሕፃኑን ጋረዱብኝ» ብለዋቸዋል። የዕቁባችን ሰብሳቢ ድሮ በደመወዝ ማግስት ደብተሩን በብብቱ ይዞ ከክፍል ክፍል ያሳድደን ነበር። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ በኋላ ደብተሩም ቀረ፣ ማሳደዱም ቀረ፤ ቋንቋው «ስክሪንሾት ላኩ» ብቻ ሆነ። ለዚህ ሥልጠና የሰጠን የለም፤ ዝግጁነታችንንም ያጠናው የለም። ድሮ «ነገ እሰጥሃለሁ» ይል የነበረው ባለዕዳ እንኳ ሳይዘገይ «ኔትወርክ እምቢ አለኝ» ማለትን ተምሯል።

ጥናት ካነሳሁ አይቀር፣ ስለ እኛ የማይጠና ነገር የለም። ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ርእስ የቸገረው ሁሉ መጠይቅ ተሸክሞ ኮሌጃችን ይመጣል። መጠይቁ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» የተደረደሩ አምስት ሳጥኖች አሉት። ማኪያቶ እየጠጣን ስንሞላው አብዛኞቻችን የመሃለኛዋን እንመርጣለን፤ አታስጠይቅም። እነዚህ ጥናቶች በሙሉ ማለት ይቻላል ምዕራፍ ሁለት ላይ የሚጠሩት አንድ አሜሪካዊ አለ፤ ፍሬድ ዴቪስ። እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው አዲስ ቴክኖሎጂ የሚቀበለው ሁለት ነገር ሲያምን ነው አለ፤ አንድም ለሥራዬ ይጠቅመኛል ሲል፣ አንድም አያስቸግረኝም ሲል። ጥሩ ብሏል። ችግሩ ሰውየው ያጠናው የኮምፒውተር ኩባንያ ሠራተኞችንና የማስተርስ ተማሪዎችን ነበር። የኢትዮጵያ የመንግሥት ኮሌጅ መምህርን አጥንቶ ቢሆን ሦስተኛ ጥያቄ ይጨምር ነበር፤ ቢበላሽ ከማን ደመወዝ ይቆረጣል?

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጃፍ ረግጦ ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ዕቃ ተገዝቶ ግምጃ ቤት ሲገባ በሞዴል 19 ይገባል። የፈለገው ሰው በሞዴል 20 ይጠይቃል። ከተፈቀደለት በሞዴል 22 ይወጣለታል። ሞዴል 22ን የፈረመ ሰው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዕቃው በስሙ ነው። ወንበር በስምህ ቢሆን አያስፈራም፤ ቢሰበር አናጺ አለ። ኤልሲዲ በስምህ ሲሆን ግን ሌሊት ዝናብ በጣለ ቁጥር «መስኮቱን ዘግቼው ነበር?» እያልክ ትባንናለህ። ሰኔ ሲደርስ ቆጠራ ይመጣል። ለመዛወር፣ ለትምህርት ለመሄድ፣ ጡረታ ለመውጣት ክሊራንስ ያስፈልጋል፤ ክሊራንሱ ላይ ደግሞ የንብረት ክፍል ፊርማ አለ። አንድ ባልደረባችን ለሦስተኛ ዲግሪ ሊሄድ ሻንጣውን ካዘጋጀ በኋላ ከብዙ ዓመት በፊት በስሙ የወጣ ፍላሽ ዲስክ ተገኘበት፤ ባለ ሁለት ጊጋ። ፍላሹ የት እንደገባ እንኳን እሱ ፈጣሪም አያስታውሰው። ገበያ ቢወጣ እንዲህ ያለ ትንሽ ፍላሽ መሸጥ ቀርቷል። ባለ ሠላሳ ሁለት ጊጋ ገዝቶ ይዞ ቀረበ። ንብረት ኃላፊው ፍላሹን ገልብጠው አዩት፣ መዝገቡን አዩት፣ መነጽራቸውን አወለቁና «ልጄ፣ መዝገቡ የሚለው ሁለት ነው፤ ይኼ ትርፉን የት አስገባዋለሁ?» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ በሞዴል 19 ያልገባ ሠላሳ ጊጋ የሚቀመጥበት መደርደሪያ የለም።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሃል «ለምን ኤልሲዲ አትጠቀሙም?» ይሉናል። እንጠቀማለን እንጂ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ክፍል ያለው መምህር አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ንብረት ክፍል በር ይቆማል። ኤልሲዲው ይወጣል። የኤሌክትሪክ ገመዱ ግን ያለው አይሲቲ ክፍል ነው። ማከፋፈያው ትናንት ለስብሰባ ወጥቶ አልተመለሰም። ሪሞቱ አንድ ጊዜ ጠፍቶ ስለነበር ከዚያ ወዲህ ዲኑ መሳቢያቸው ውስጥ ቆልፈውበታል፤ እሳቸው ደግሞ መስክ ናቸው። መምህሩ ሳጥኑን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ክፍል ሲደርስ ሶኬቱ ያለው ከኋላ ግድግዳ ላይ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ክፍሉ ይዞራል። ፊት የነበሩት ኋላ ይሆናሉ፣ ኋላ ተቀምጠው ሲያንቀላፉ የነበሩት ሳያስቡት ፊት ይሆናሉ፤ በእኔ ግምት የኤልሲዲ ትልቁ ትምህርታዊ ጥቅም ይኸው ነው። መጋረጃ ስለሌለ ሁለት ረጃጅም ሠልጣኞች ጋቢ ዘርግተው መስኮት ላይ ይቆማሉ። ከዚያ ብርሃን ይሆናል፤ ግድግዳው ሰማያዊ ይሆናል፤ መሃሉ ላይ «ኖ ሲግናል» የሚል ይጻፋል። ሁሉም ሠልጣኝ ሐሳብ ያቀርባል። «ቲቸር፣ ነቅለው ይሰኩት።» «ቲቸር፣ ሪስታርት ያድርጉት።» እስካሁን በክፍል ውስጥ አንድ ቃል ተንፍሶ የማያውቀው ልጅ ተነስቶ መጥቶ ሁለት ቁልፍ ይጫንና ስላይዱ ይመጣል።

ስላይዱ ላይ ያለው ሞጁሉ ላይ ያለው ነው፤ ነጥቡም ሰረዙም ሳይቀር ኮፒ ፔስት። ርእሱ «ተማሪ ተኮር የማስተማር ዘዴዎች»። መምህሩ ጀርባውን ሰጥቶ ያነባል፣ ሠልጣኞቹ ይገለብጣሉ፣ ጋቢ የያዙት ሁለቱ እጃቸው ስለዛለ ይቀያየራሉ። በዚህ መሃል መብራት ይሄዳል። መምህሩ እጁን ጋወኑ ኪስ ይሰድና ጠመኔ ያወጣል፤ ጠመኔው ድሮውንም እዚያ ነበር። ክፍሉ ደግሞ ተመልሶ ይዞራል። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ያለውን ትምህርት ብታዩት ደስ ይላችኋል፤ ምሳሌ አለ፣ ሳቅ አለ፣ ጥያቄ አለ። በሪፖርቱ ላይ የሚሰፍረው ግን ከመብራቱ በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት ነው፤ «ክፍለ ጊዜው በቴክኖሎጂ ተደግፎ ተሰጥቷል።»

ጥርጣሬያችንን ከሰማይ አላወረድነውም። በ1997 ዓ.ም. የሳተላይት ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃው ሲገባ፣ ዛሬ ኮሌጅ ከምናስተምረው ብዙዎቻችን ወይ መምህር ወይ ተማሪ ነበርን። ሕዝቡ «ፕላዝማ» አለው። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በእንግሊዝኛ ይመጣል። መምህሩ መጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያጠቃልላል፣ በመሃሉ ቆሞ ያያል። የስክሪኑ መምህር ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ዝም ይላል፤ ከዚያ የመለሰ ኖረም አልኖረም «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያልፋል። ቆይ ብትለው አይሰማ፣ ድገመው ብትለው አይደግም። መብራት ከሄደ ኒውተን ከነሕጉ ይሄዳል፤ መብራቱ ሲመለስ ኒውተን የለም፣ ሌላ ምዕራፍ ተገብቷል። በዚያን ዘመን አንድ የፊዚክስ መምህር «ሥራህ ምንድን ነው?» ሲባል «ፕላዝማ መክፈት» ብሎ ይመልስ ነበር። ሁላችንም እንስቅ ነበር፤ እሱ ግን ሲስቅ አላየሁትም። ፍርዱን ላለማጓደል ያህል፣ ላብራቶሪ በሌለበት ትምህርት ቤት የተማረ ብዙ ልጅ የኬሚስትሪ ሙከራን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በዚያ ስክሪን ነው። ጠላታችን ማሽኑ አልነበረም። መምህሩን አንድም ነገር ሳይጠይቁ፣ ከቆመበት ወደ ጎን ገፋ አድርገው፣ ቦታው ላይ ማሽን መትከላቸው ነው የቆጨን።

ነገሩ የእኛ ብቻም አይደለም። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1913 ተንቀሳቃሽ ፊልም መጻሕፍትን በቅርቡ ከትምህርት ቤት ያስወጣል ብሎ ተንብዮ ነበር። የእኛ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ዛሬም መጽሐፍ አለ፤ የጠፋው ፊልሙ ነው።

ከማሽኑ ይልቅ ብዙ ያደከመን ፊደሉ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፊደላቱን በየራሱ ስልት ነበር የሚያስቀምጣቸው፤ አንዱ «ሀ» ያለውን ሌላው በእንግሊዝኛ ፊደልና በጥያቄ ምልክት ይተረጉመዋል። ዘመኑ አልፏል ትሉ ይሆናል፤ ፋይሎቹ ግን አላለፉም። ጸሐፊዋ ያን ጊዜ የጻፈቻቸው ሞጁሎችና የፈተና ጥያቄዎች ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዋረሱ ኖረው ዛሬም አሉ። አንድ ጊዜ የመጨረሻ ፈተና ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደን ስናስባዛ ከአንድ የድሮ ፋይል የመጡ አራት ጥያቄዎች ባዶ ሳጥንና ዝብርቅርቅ ምልክት ሆነው ታተሙ። ማንም ልብ አላለም። ሠልጣኞቹ ግን አልተበገሩም፤ ለአራቱም መልስ ሰጥተዋል። አንዷ ከአራቱ ሦስቱን አግኝታለች። መልሱን ስታርም የነበረችው ባልደረባችን «ይቺ ልጅ አጥንታለች» ብላ በአድናቆት ነገረችን።

አሁን ደግሞ ስለ እጅ ሥራ መምህራችን ላውራ፤ ምክንያቱም ኮሌጃችን ውስጥ ዲጂታል ትምህርትን ከልቡ ያሰበበት ሰው ማነው ብትሉኝ እሱን ነው የማሳያችሁ። ትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል የምንላት አንዲት ጠባብ ክፍል አለችን፤ ቀለም፣ ካርቶን፣ ሙጫና የተሰበረ ግሎብ የሞላባት። እዚያ ቁጭ ብሎ ከፓስታ ካርቶን ላፕቶፕ ይሠራል። ክዳኑ የሚከፈተው በጨርቅ ማጠፊያ ነው። ቁልፎቹ የለስላሳ ቆርኪዎች ናቸው፤ እያንዳንዷ ቆርኪ ተወልውላ፣ ነጭ ቀለም ተቀብታ፣ የእንግሊዝኛው ፊደል በጥቁር፣ ያን ቁልፍ ስትነኩ የሚመጣው የአማርኛ ፊደል በቀይ ተጽፎባታል። ሠልጣኞቹ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጣታቸውን በቆርኪዎቹ ላይ ያለማምዳሉ። ከእውነተኛው የኮምፒውተር ክፍል ለሦስትና ለአራት አንድ ማሽን ነው የሚደርሳቸው፤ አንዱ ሲጽፍ ሌሎቹ «ኸረ ተራዬ!» ይላሉ። እዚህ ግን ለእያንዳንዱ አንዳንድ አለ። ተመርቀው ሲወጡ የሚመደቡበት ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ መብራት የለውም፤ ቆርኪና ካርቶን ግን የትም አለ። ከእኛ የተመረቀች አንዲት መምህርት ራቅ ባለ ወረዳ ከተማሪዎቿ ጋር እንዲህ ያለውን ኪቦርድ ሠርታ ፎቶውን ልካለት ነበር፤ አትሞ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል።

«ይቺ» ይላል ካርቶኗን መታ መታ እያደረገ፣ «ባትሪ አትጨርስ፣ ቫይረስ አይገባት፣ በሞዴል 22 አትወጣ።»

ሱፐርቪዥን የመጡ እንግዶች አይተው ሳቁ፤ ፎቶ አነሱ። ከዚያ የዓመቱ ሪፖርት ሲወጣ «የዲጂታል ትምህርት መርጃ መሣሪያዎች በኮሌጁ አቅም ተመርተዋል» የሚል ዐረፍተ ነገር አየን። ውሸት ነው እንዳትሉ፣ አንድም ውሸት የለበትም።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባና ትምህርት ቤት ሁሉ ተዘጋ። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ባነርም አበልም የሻይ ዕረፍትም ሳይኖር መምህሩ ሁሉ በአንድ ሳምንት ዲጂታል የሆነው። እያንዳንዱ ኮርስ የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተለት። ሞጁሉ በፒዲኤፍ ተለቀቀ። ከዚያ የ«እሺ ቲቸር» ዝናብ ወረደ፤ አንድ መልእክት ስትልክ መቶ «እሺ ቲቸር» ይመለሳል፣ መሃሉ ላይ አንዱ «ቲቸር ፋይሉ አልከፈት አለኝ» ይላል፣ ያቺ ግን ከ«እሺ»ው ሥር ተቀብራ ትቀራለች። ቅድም ያነሳኋቸው የአማርኛ መምህራችን ጽሑፍ መተየብ አይሆንላቸውምና ትምህርታቸውን በድምፅ ይልኩ ነበር። ስለ ቅኔ አፈታት ሲያስረዱ ከበስተጀርባ ዶሮ ይጮኻል፤ ሰምና ወርቁን ሊለዩ ሲሉ ባለቤታቸው «ኧረ ቡናው ቀዘቀዘ!» ይላሉ፤ እሳቸውም «መጣሁ» ይሉና «መጣሁ» የሚለውም ተቀድቶ ይላካል። ኮሌጁ ሲከፈት ሠልጣኞቹ ትምህርቱን ከነዶሮው ያስታውሱት ነበር። በእኔ እምነት ከስላይዱ በብዙ እጅ ይሻል ነበር።

ሁሉም ግን አልደረሰውም። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ይወጣ የነበረ ሠልጣኝ አለን፤ ወንድሙ ከብት ይዞ፣ እሱ ስልክ ይዞ። የቤተሰቡ ስልክ ባለ ቁልፏ ስለሆነች ከነጭራሹ ግሩፑ ውስጥ ያልገቡ ነበሩ። ሲመለሱ «የተላከላችሁን አንብባችኋል?» ስንላቸው ምን እንደተላከ አያውቁም። ስለ መምህራን ዝግጁነት በተጠና ቁጥር ስለ እነዚህ ልጆች ስልክ የሚጠይቅ ሳጥን መጠይቁ ላይ አይቼ አላውቅም።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ይፋ ሆነ። ትምህርቱ በኢንተርኔት ነው፤ ነፃ ነው፤ ሲጨርሱ ሠርተፍኬት ይሰጣል። ጥሩ ዕድል ነው፤ ክፋት የለውም። የእኛ ኮሌጅ ሰዎች ግን ነገሩን በለመድነው መንገድ አስኬዱት፤ «እስከ ዓርብ ሠርተፍኬት ያላስገባ መምህር ስሙ ይተላለፋል» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሐሙስ ማታ አንድ ባልደረባችን ቤት ሦስት መምህራን ሻይ እየጠጡ ተቀምጠዋል፤ ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ልጁ ደግሞ ጠረጴዛው ጋ ሆና የአባቷን ጨርሳ የጓደኛውን ጀምራለች። «ጋሼ፣ ኢሜይልዎ ፓስወርዱ ስንት ነው?» ትላለች። «እሱማ ባለቤቴ ናት የምታውቀው» ይላል፤ ይደወላል። ዓርብ ዕለት ሠርተፍኬቱ በከለር ታትሞ፣ ላሚኔት ተደርጎ ገባ። ልጅቷ የራሷን ለመውሰድ ጊዜ አላገኘችም፤ ፈተና ደርሶባት ነበር።

በአንጻሩ የጂኦግራፊው መምህራችን ከልቡ ተማረ። ሌሊት ሌሊት እየተነሳ፣ ኔትወርክ ሲሻል እየጠበቀ፣ ጨረሰው። በዚያ መነሻነት የሠልጣኞችን ውጤት ደምሮ፣ ግሬድ አውጥቶ፣ ደረጃ የሚሰጥ የኤክሴል ሠንጠረዥ ሠራ፤ ሦስት ቀን ይፈጅ የነበረው ሥራ ግማሽ ሰዓት ሆነ። ምን ሸለሙት መሰላችሁ? የኮሌጁን ሁሉ ውጤት። ግሬድ ማስገቢያ ሲደርስ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ነው። ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ እሱ፣ የዲኑ ስልክ ሲሞላ እሱ፣ የካሸሯ ኮምፒውተር ሲዘገይ እሱ። አሁን አሁን አዲስ ነገር ሲማር ተደብቆ ነው። ቴክኖሎጂ የማያውቅ መምህር ሥልጠና ይላካል፤ አበልም አለው። የሚያውቅ መምህር ግን ሥራ ይጨመርበታል። ይህን ሒሳብ ለመሥራት ደግሞ ኤክሴል አያስፈልግም።

በዚህ ሁሉ መሃል ቻትጂፒቲም መጣ። ሠልጣኞቻችን ከእኛ ቀድመው ደረሱበት። ፕራክቲከም ሲወጡ፣ ማለትም ትምህርት ቤት ሄደው ሲለማመዱ፣ በመጨረሻ ያዩትንና የተሰማቸውን ጽፈው ያስገባሉ። ባለፈው አንዱ ያስገባውን አነበብኩ። «ስማርት ቦርዱን በመጠቀም የተማሪዎቼን ትኩረት ከሳብኩ በኋላ» ይላል፣ «በቡድን ወደ ኮምፒውተር ላብራቶሪው ወሰድኳቸው።» ትምህርት ቤቱን አውቀዋለሁ፤ ልጁን ለማየት የሄድኩት ወንዝ ተሻግሬ ነው። ግድግዳው ጭቃ ነው። ጥቁር ሰሌዳው የራዲዮ ባትሪ ድንጋይ ተወቅጦ የተቀባ ነው፤ እንግዲህ በባትሪ የሚሠራ ሰሌዳ ከተባለ እሱ ነው። ልጁን አስጠራሁት።

«ስማርት ቦርዱ የቱ ጋ ነው?» አልኩት።

መሬት መሬት አየ። «ቲቸር፣ እሱማ የለም።»

«ታዲያ ለምን ጻፍክ?»

«ቲቸር፣ ማረሚያው ላይ ‹ቴክኖሎጂን ተጠቅሟል› የሚል አምስት ማርክ አለ። ያለውን ብጽፍ ይቀነስብኛል።»

ማረሚያውን አወጣሁና አየሁት፤ አለ። ያወጣውም የእኛው ክፍል ነው። እውነቱን ብጽፍ ይቀነስብኛል ላለ ልጅ ምን እላለሁ? ካርቶኗን ላፕቶፕ ለሪፖርት ያበቃ ኮሌጅ ነው ያሠለጠነው። ድጋሚ እንዲጽፍ ነገርኩት። በሁለተኛው ጽሑፉ ተማሪዎቹ እንዴት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንደሚጽፉ፣ ማባዛትን በባቄላ ፍሬ እንዴት እንዳስተማራቸው፣ አንዲት ልጅ ባቄላውን በልታበት እንዴት መቀነስ እንደገባት ጻፈ። በሕይወቴ ካነበብኳቸው የፕራክቲከም ጽሑፎች የሚበልጠው የለም። የቴክኖሎጂውን አምስት ማርክም ሰጠሁት፤ ባቄላው ሠርቷልና።

እውነተኛው ስማርት ቦርድ ያለው እኛ ጋ ነው። በድጋፍ መጣ፤ በሞዴል 19 ገባ፤ ርክክቡ ላይ ተጨበጨበ። ሥልጠናውንም ወስደናል፤ በጣታችን ክብ ሠርተን፣ ክቡን በመዳፋችን አጥፍተን፣ ሠርተፍኬት ተቀብለናል። የቀረው ሞዴል 22ን የሚፈርም ሰው ብቻ ነበር። የሒሳብ ክፍል «ለቋንቋ ይበልጥ ይጠቅማል» አለ። የቋንቋ ክፍል «ሳይንስ ነው መቅደም ያለበት» ብሎ ትሕትናውን አሳየ። ሳይንስ ክፍል «ጣሪያችን ያፈሳል» አለ። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴው ከግምጃ ቤቱ አጠገብ ባለች ክፍል እንዲሰቀልና ቁልፉ ንብረት ኃላፊው ጋ እንዲሆን ወሰነ። ጸሐፊዋ አቧራ እንዳይነካው ዳንቴል ሠርታለታለች፤ ጥለቱ ዙሪያውን አበባ አበባ ነው፤ በጣም ያምራል።

በቅርቡ ከክልል እንግዶች ሊያዩት መጡ። በሩ ተቆልፏል። ዲኑ የኮሌጁ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «የስማርት ክፍሉ ቁልፍ ማን ጋ ነው?» ብለው ጻፉ። ንብረት ኃላፊው፣ እነዚያው የሁለት ጊጋው ሰው፣ ዓመት ፈቃድ ወጥተው አገራቸው ነበሩ። ደቂቃ ሳይሞላ መለሱ። መጀመሪያ ለእንግዶቹ የአበባ ስቲከር። ቀጥሎ ያሉበት ቦታ ሎኬሽን። ቀጥሎ ቁልፉን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው የተነሱት ፎቶ። ከዚያ የድምፅ መልእክት፤ «እንደምን ዋላችሁ፣ ቁልፉ እኔው ጋ ነው፤ ሰኞ እገባለሁ። እንግዶቹ ከቸኮሉ ግን ይኸው፤ ለቆጠራ ያነሳሁት ነው፣ መለያ ቁጥሩም ይታያል» አሉና የስማርት ቦርዱን ጥርት ያለ ፎቶ ከነዳንቴሉ አስከትለው ላኩት። እንግዶቹ ለሪፖርት እንዲሆናቸው በየስልካቸው ተቀባበሉትና ምሳ ሄድን።